የስምንተኛ ክፍል ወፍ

«ወፏ ተናግራለች!» አሉ ዲሬክተሩ አቶ በላቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ።

ሜዳው ላይ የተሰበሰበው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ቀና አለ። የሚያዝያ ፀሐይ ከጠዋት ጀምራ ስትጠብሳቸው ነው የዋለችው። ፈንታነሽና ጓደኛዋ ጥሩአየሁ የፈንታነሽን ነጠላ ለሁለት ተከናንበው ነበር። ዲሬክተሩ ሲናገሩ ፈንታነሽ ነጠላውን ከጆሮዋ ላይ ገፋ አድርጋ አዳመጠች።

«ያንን ማመልከቻ ያስጻፈው ሰው ታውቋል» አሉ አቶ በላቸው። «እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቱን ቤቱ ጠርቶ፣ ወረቀቱንም ራሱ ሰጥቶ፣ ቃል በቃል እየነገረ ነው ያስጻፋት። የአማርኛ አስተማሪያችሁ ሰይድ ነው።»

«አቶ» እንኳ አላሉም። በተማሪ ፊት አንድ አስተማሪ ሌላውን አስተማሪ «እሱ» እያለ ሲያወራ ፈንታነሽ ሰምታ አታውቅም። ነገሩ ደግሞ ነጭ ውሸት ነው። ማመልከቻውን የጻፈችው ራሷ ናት፤ ቃሉም የራሷ ነው። አቶ ሰይድ አንዲት ፊደል አልጨመሩበትም።

እሑድ ዕለት ቤታቸው መሄዷ ግን እውነት ነበር። «ለመለማመጃ» ብላ ሁለት ፉልስካፕ ወረቀት ለምናቸው፣ በራፍ ላይ ሰጥተዋት፣ ከበራፍ ተመልሳለች። ያን ዕለት አጥሩ ሥር ቆማ የጠበቀቻት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች።

ፈንታነሽ ዞር ብላ ጥሩአየሁን አየቻት። ጥሩአየሁ የነጠላውን ዘርፍ እያፍተለተለች መሬት መሬቱን ታያለች።

«አንች ነሽ» አለቻት በሹክሹክታ።

ፈንታነሽ ነጠላዋን ከጥሩአየሁ ራስ ላይ መንጭቃ ወሰደችና ከልጆቹ ሁሉ ርቃ ብቻዋን ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተናዳ አታውቅም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በአጥር ነው። ከደብረ ማርቆስ አንድ ትልቅ ሹም ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። አቶ በላቸው የድንጋዩ አጥር ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት ብለው በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜን ሙሉ ተማሪው ድንጋይ እንዲያመላልስ አዘዙ። ለቢቸና ከተማ ልጆች ይህ ከትከሻ ሕመም አያልፍም፤ ማታ ቤታቸው ገብተው ይበላሉ። ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው ለሚማሩት ግን ዓርብና ቅዳሜ ማለት ስንቅ ማለት ነው። ዓርብ ከክፍል ሲወጡ ወዳገራቸው ይገሠግሣሉ፤ እሑድ ማታ ድርቆሹንና በሶውን ተሸክመው ይመለሳሉ። በእሑድ ብቻ ደርሶ መመለስ ለብዙዎቹ አይታሰብም። ስለዚህ አጥሩ እያደገ ሲሄድ የልጆቹ አቁማዳ እየጎደለ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ገላው ወደቀ። ገላው ከአባይ አፋፍ የመጣ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ድንጋይ እንደታቀፈ ጉልበቱ ከዳውና ተዘረጋ። ኪሱ ውስጥ ጥቂት የሽምብራ ቆሎ ተገኘ፤ ከትናንት ጀምሮ የበላው ከዚያችው እየቆነጠረ ነበር። አቶ በላቸው መጥተው አዩትና «ውሃ አፍስሱበት» ብለው ሄዱ።

የዚያኑ ዕለት ልጆቹ ከክፍሉ ጀርባ ተሰበሰቡ። «ለበላይ ማመልከቻ እንጻፍ» ያለችው ጥሩአየሁ ናት። እሷም የገጠር ልጅ ናት፤ በክራይ ቤቷ ምጣድ ከተጣደ ሰንብቷል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አለች፤ ሁሉም «እውነት ነው» አለ። ማን ይጻፈው ሲባል ግን ዓይኑ ሁሉ ፈንታነሽ ላይ አረፈ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሕፈት በሙሉ የሷ ነው። ፈንታነሽ የከተማ ልጅ ናት፤ ስንቅ አያስፈልጋትም። የገላውን ፊት ግን አይታው ነበርና እሺ አለች።

«ስማችንን እንዳትጽፊ ታዲያ» አለ አንዱ። «'እኛ ተማሪዎች' በይውና ተይው። ፋራ አትሁኝ።»

«አዎ፣ እኛ በይው። እኛ ይበቃል» አሉ ሌሎቹ።

ይህ ስህተት መሆኑን ፈንታነሽ ታውቅ ነበር። አቶ ሰይድ የሥራ ደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩ ከሁሉ አብልጠው የሚቆጡት በዚህ ነው። አቶ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከደሴ ተመድበው ከመጡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። «ከዚህ ክፍል ብዙዎቻችሁ ጸሐፊ ትሆናላችሁ፤ በእናንተ ብዕር ሰው ይከሰሳል፣ ሰው ይፈታል» ይሉና ከደብዳቤና ከክስ ወረቀት ላይ የለቀሟቸውን ስህተቶች ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። በ«እርስዎ» ጀምሮ በ«አንተ» የሚጨርስ ማመልከቻ አለ። «ሹሙ ከላይ ተከብሮ፣ ከታች ተዋርዶ ራሱን ያገኘዋል፤ ታዲያ ጉዳይህን ሊፈጽምልህ ነው?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። «እሱ ከእሱ ጋር ተጣልቶ እሱን ፈነከተው» የሚል ክስ አለ። «ማን ነው የተፈነከተው? ማን ነው የሚታሰረው? ጸሐፊው ሰነፍ ስለሆነ ተፈንካቹ ወህኒ ይወርዳል!»

መጨረሻ ላይ የሚመጣው «እኛ» ነው። እዚያ ሲደርሱ አይስቁም። «እኛ ያለ ሰው እነማን እንደሆኑ ከላይ ስም ይጻፍ፣ ከታች ይፈርም» ይላሉ፣ ጠመኔው እስኪሰበር ሰሌዳውን እየመቱ። «ስም የሌለው 'እኛ' ማንም ማለት ነው። ማንም ደግሞ ሲጠሩት አቤት አይልም።»

ፈንታነሽ ይህን ሁሉ እያወቀች «እኛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች» ብላ ጻፈች። ስም አልነበረውም፣ ፊርማም አልነበረውም። ማመልከቻው ወደ በላይ ጽሕፈት ቤት ተላከ። እዚያ ያለ ሰው ኅዳጉ ላይ «ለሚመለከተው ይመራ» ብሎ ጻፈበትና የሚመለከታቸው ሰው ራሳቸው ተከሳሹ አቶ በላቸው ሆነው ተገኙ። ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ የሳቸው ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

አቶ በላቸው ያደረጉት ነገር ቢቸና ውስጥ ያልተሰማ ነው፤ ክፍሉን ሜዳ ላይ አውጥተው አውጫጭኝ አስቀመጡት። አውጫጭኝ ለሌባ ነው። ከብት ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ አጥፊው ሳይታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ለብቻ እየጠሩ ይጠይቃሉ። የሚያውቅ ሰው ታዲያ «እኔ አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ሽማግሌዎቹም የተናጋሪውን ስም ሳያነሱ «ወፏ እንዲህ አለች» ብለው ያወጣሉ። አቶ በላቸው ላም ሳይሰረቅ፣ ክምር ሳይቃጠል፣ ይህን ሁሉ ለአንድ ወረቀት አደረጉት። ዘበኛውን አባ ዳምጤንና ሁለት አስተማሪዎችን ሽማግሌ አድርገው «እኛ የተባሉት እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያውን ቀን ወፏ ዝም አለች። በሁለተኛው ቀን ይኸው ተናገረች።

ከቀትር በኋላ አቶ በላቸው ፈንታነሽን ቢሮ አስጠሯት።

«እጅ ጽሑፉ ያንች ነው» አሏት።

«አዎ፣ ጌታየ።»

«ቃሉ ግን ያንች አይደለም። 'የተራበ ትከሻ አጥር አያቆምም' ብላ የምትጽፍ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ያውም ሴት፣ እኔ አይቼ አላውቅም።»

«ቃሉም የኔ ነው።»

«አይደለም እያልሁሽ!» አሉና ጠረጴዛውን መቱት። ወዲያው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ስሚ ልጄ። እኔም አለቃ አለብኝ። ሹሙ ሲመጡ አጥሩን ብቻ አይደለም የሚያዩት፤ ስለዚህ ወረቀትም ሰምተዋል። ማን ነው ያሳደመው ይሉኛል። ልጆች ናቸው ብል ልጅ መግዛት አቃተህ ይሉኛል።»

አንድ ሌላ ወረቀት ወደሷ ገፋ አደረጉ። «እኔ ተማሪ ፈንታነሽ ገብረ ሕይወት» ይላል ሲጀምር፤ «ማመልከቻውን የጻፍሁት በአስተማሪየ በአቶ ሰይድ አስገዳጅነትና ነጋሪነት መሆኑን አረጋግጣለሁ።» የአቶ በላቸው እጅ ጽሑፍ ነው። ፈንታነሽ ያቺን «እኔ» የምትል ቃል ደጋግማ አየቻት። ሳትጠየቅ፣ ሳትናገር፣ ሌላ ሰው በእሷ አፍ «እኔ» ብሎ ጨርሷል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር።

«ብትፈርሚ ፈተናሽን ትፈተኛለሽ» አሉ። «እሱንም አያስሩትም፤ ወደሩቅ አገር ያዛውሩታል፣ በቃ። ባትፈርሚ አድመኛዋ አንች ነሽ። ስምሽ ከተፈታኞቹ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ አድመኛ ደግሞ ሞጣም ሂጅ፣ ማርቆስም ሂጅ፣ የሚቀበልሽ ትምህርት ቤት የለም። እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት።»

ጥሩአየሁ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆማ ጠበቀቻት። ፈንታነሽ አልፋት ልትሄድ ነበር፤ እግሯ ግን እምቢ አላት።

«ለምን?» አለቻት።

«ላንች ብየ ነው!» ጥሩአየሁ ዓይኗ ቀልቷል። «ተራየን ስጠብቅ ሰማኋቸው፤ ዛሬ ሁሉም አንድ በአንድ እየገባ ያንችን ስም ነበር የሚጠራው። 'ጸሐፊዋ እሷ ናት፣ እኛ አናውቅም' አሉ። ገላው እንኳ አላውቅም አለ! ተባረርሽ ማለት ነበር። ጋሼ ሰይድ ግን ምን ይሆናሉ? ሁልጊዜ ልዛወር ልዛወር ሲሉ አይደል? ያዛውሯቸዋል።»

«የጠየቁት ሞጣ ነው! ሚስታቸው ሞጣ ናት፤ የሐኪም ቤት ድሬሰር ናት፤ ልጃቸውን በወር አንዴ ነው የሚያዩዋት። በአድማ ከሰው ሞጣ የሚሰዷቸው መሰለሽ? ሁለተኛ ሞጣን አያዩዋትም!»

ጥሩአየሁ ባሕር ዛፉን ተደገፈች።

«ደግሞ ሃምሳ ሎሚ አልሽ» አለች ፈንታነሽ፤ ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። «ሃምሳውንም ለኔ አሸክማችሁኝ ተበተናችሁ። እኔ ላይ ሲከብድ ደግሞ አንስተሽ ጋሼ ሰይድ ላይ ጫንሽው። ሎሚው የማን ነው? ማን ነው እንጻፍ ያለው?»

«እሱ ቢታወቅ አባቴ ምን እንደሚያደርገኝ አታውቂም። ለፋሲካ ስሄድ ሊድሩኝ ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ 'ስምንተኛን ትጨርስ' ብላ እናቴ ናት ያስቀረችልኝ። ከተባረርሁ በሳምንቱ ነው የሚድሩኝ። አንችን እናትሽ ታቅፍሻለች፤ እኔን ማን ያቅፈኛል?»

«እንግዲያው ላንች ብየ ነው አትበይኛ!» ፈንታነሽ ጮኸች። ሁለት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ዞረው አዩዋት። «ለራሴ ብየ ነው በይ! ፈርቼ ነው በይ! ስንሰበሰብ እኛ ነሽ፣ ስንጠየቅ ወፍ ነሽ። አንድ ቀን እንኳ እኔ በይ!»

ጥሩአየሁ ማልቀስ ጀመረች። ፈንታነሽ ልታባብላት አልፈለገችም። ትታት ሄደች፤ ትታት በመሄዷ ደግሞ የባሰ ተናደደች።

አቶ ሰይድ መጻሕፍታቸውን የሳሙና ካርቶን ውስጥ እየከተቱ አገኘቻቸው። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳው ላይ ሐዋ የምትባለው ባለቤታቸው ነጭ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሕፃን ታቅፋ የተነሳችው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም የተናገርሁ» አለች ከደጃፍ።

«አውቃለሁ።»

«ውሸት ነው ብየ ነግሬያቸዋለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ።» አቶ ሰይድ ቀና አሉ። ፈንታነሽ ፊታቸው እንዲህ ጠቁሮ አይታቸው አታውቅም። «አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ። ስንት ጠመኔ ሰበርሁባችሁ? ስም የሌለው እኛ አትጻፉ ብየ ስንት ቀን ጮኽሁ? ሌላው ቢሳሳት አይገርመኝም፤ አንች እያወቅሽ ጻፍሽው!»

«ስማችንን አትጻፊ ስላሉኝ…»

«ባዶ ቦታ ተውሽ። ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ አንድ ሰው መጥቶ ይሞላዋል። ይኸው የኔን ስም ሞሉበት።» መጽሐፉን ካርቶኑ ውስጥ ወረወሩት። ከዚያ ሳይታሰብ ሳቅ አሉ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ተውላጠ ስም ሳስተምራችሁ አንዷን ረስቻት ኖሯል። እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እሱ፣ እሷ ብየ ቆምሁ። ለካስ እዚህ አገር ወፍም አለች።»

ፈንታነሽ አልሳቀችም። ስለ ፊርማው ወረቀት ነገረቻቸው። አቶ ሰይድ እስክትጨርስ አዳመጡና ካርቶኑ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ፈርሚላቸው» አሉ።

«ምን?»

«ፈርሚና ፈተናሽን ተፈተኚ። ልጄ መቆም ጀምራለች ብላ ሐዋ ልካብኛለች፤ ስትቆም ለማየት ቸኩየ ነበር። አሁን ቆማ ስትሄድ አያታለሁ፤ ምን ይደረጋል። እኔ አንዴ ደመወዝ የተቆረጠልኝ ትልቅ ሰው ነኝ። አንች ግን ገና ምንም አልያዝሽም። ሂጅ አሁን፤ እዚህ ቆመሽ ደግሞ ሌላ ወፍ እንዳታይሽ።»

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። መንገዱን ሁሉ ድንጋይ እየረገጠች ሄደች። በአቶ በላቸው ተናደደች፣ በጥሩአየሁ ተናደደች፣ አላውቅም ባለው በገላው ተናደደች። ከሁሉ በላይ «ፈርሚላቸው» ባሏት በአቶ ሰይድ ተናደደች። ሰው ሁሉ ለእሷ ብሎ ነው የሚዋሸው፣ ለእሷ ብሎ ነው የሚወድቀው። እሷን የጠየቃት ግን የለም።

እናቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚያች እንዝርት ነው። ወሬው ከፈንታነሽ ቀድሞ ደርሷል።

«የገጠር ልጅ ስንቅ አንችን ምን አገባሽ?» አለች እናቷ ገና ሳትቀመጥ። «እናት የላቸውም? አባት የላቸውም? ላንች ፈተና ነው እኮ ጣቴ እስኪላጥ የምፈትለው!»

«አውቃለሁ፣ እማየ።»

«ታውቂ ኖሯል!» እንዝርቷን አሾረችው፤ ክሩ ተበጠሰ። አልቀጠለችውም። ቆይታ ግን «ያ የወደቀው ልጅ ተሻለው?» አለች።

«ተሻለው።»

«ዛሬስ ምን በላ?»

«እኔ እንጃ።»

እናቷ ክሩን ፈልጋ ቀጠለችው። ፈንታነሽ ስለ ፊርማው ስትነግራት ፈርሚም አላለቻት፣ አትፈርሚም አላለቻት። «እኔ የምፈርመው በጣቴ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሌላው የጻፈውን እመኚ ይሉኛል፣ አምኜ ቀለም እነክራለሁ። ስምሽን መጻፍ የምትችይው አንች ነሽ። የት እንደምትጽፊው እኔን አትጠይቂኝ።» ይህን ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አልቅሳ እንደሆነ ፈንታነሽ አላወቀችም፤ ስትመለስ ግን በጨርቅ የተቋጠረ በሶ ይዛ ነበር። «ለዚያ ልጅ ስጭው» አለቻት፤ ፊቷ እንደተቆጣ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ክፍሉ እንደገና ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ዛሬ ከአቶ በላቸው ወንበር ፊት ጠረጴዛ ወጥቷል፤ በጠረጴዛው ላይ ማመልከቻው፣ የፊርማው ወረቀት፣ ብዕርና የቀለም ብልቃጥ ተደርድረዋል። አስተማሪዎቹ ከግድግዳው ሥር ቆመዋል። አቶ ሰይድ ከጥግ ነበሩ፤ ወደ ልጆቹ አይመለከቱም። ፈንታነሽ በሶውን ምንም ሳትናገር ገላው ጭን ላይ አስቀመጠችለት። ገላው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ፈንታነሽ ገብረ ሕይወት» አሉ አቶ በላቸው። «ነይ፣ ጓደኞችሽ ፊት ፈርሚ። ከዚያ ሁሉም ወደ ክፍሉ ይገባል።»

ፈንታነሽ ተነሳች። በጥሩአየሁ አጠገብ ስታልፍ ጥሩአየሁ የቀሚሷን ጫፍ ያዝ አደረገቻት፤ ፈንታነሽ ሳትቆም አለፈች። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ፈተናውን አሰበችው። ከቅዝቃዜ ጋር እየታገለች በማለዳ ያጠናቻቸውን ትምህርቶች፣ የእናቷን የተላጠ ጣት አሰበች። የፊርማውን ወረቀት አነሳች፤ «እኔ» የምትለውን ቃል አንድ ጊዜ አየችና ወረቀቱን መልሳ በደረቱ ደፋችው።

ማመልከቻውን ሳበችና ብዕሩን ቀለም ነከረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ አቶ በላቸው።

«ስህተት አለብኝ፣ ጌታየ። ላርመው ነው።»

«እኛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች» ከሚለው ሥር ትንሽ ቦታ ነበረች። እዚያች ላይ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን በምትጽፍበት በዚያው በሚታወቀው እጅ ጽሑፏ፣ «፩ኛ ፈንታነሽ ገብረ ሕይወት» ብላ ጻፈች። አንዲት ፊደል አልተዛነፈባትም። ተናዳ ስለነበረ ይሆናል።

«ያስጻፈኝ ሰው የለም» አለች፤ ከግድግዳው ሥር ያሉት አስተማሪዎች ሁሉ ሰሟት። «ጋሼ ሰይድ ወረቀት ለምኛቸው ሰጡኝ እንጂ ምን እንደምጽፍበት አያውቁም። ወፍ አልነገረችኝም። እኔ ነኝ የምናገረው።»

አቶ በላቸው ተነሱ። ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ። አባ ዳምጤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ በአውጫጭኝ ሕግ ሰው በስሙ ከተናገረ ወፍ አትጠየቅም፣ ጌታው» አሉ፣ ወደ መሬት እያዩ።

«ፈተናውን እርሽው!» አሉ አቶ በላቸው። «ሰማሽኝ? ስምሽ ዛሬውኑ ይሰረዛል!»

«ሰምቻለሁ።»

«ሌሎቹስ? ጥሪያቸዋ! እኛ ብለሽ ጽፈሽ የለም? ማን ማን ነው እኛ?»

ፈንታነሽ ወደ ልጆቹ አልዞረችም። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምራ እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ስም ከነአባቱ መጻፍ ትችል ነበር፤ ጽፋም ብትገላገል ደስታዋ ነበር፤ ንዴቷ ያንን ይላት ነበር። ብዕሩን እንደገና ቀለም ነከረችው። ጥሩአየሁ ከኋላዋ ትንፋሽዋን ስትውጥ ተሰማት።

ከስሟ ሥር «፪ኛ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀጥሎ ምንም አልጻፈችም።

ብዕሩን እጀታውን ወደ ልጆቹ አዙራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። የቀለሙን ብልቃጥ አልከደነችውም።